የቤዝ ጊታር ብሪጅ ልቀይር ወይስ ያለውን ላስተካክል? አማራጮቹ በንጽጽር

የክረምቱ ማብቂያ ላይ አንድ የኳየር ቤዚስት ሐዋሳ፣ ታቦር ሠፈር ወዳለው ቤቴ ጊታሩን ተሸክሞ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ድምፁ ሞቶብኛል፤ ብሪጅ ላስመጣ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝና በስልኩ የሚያብረቀርቁ የብሪጅ (ክሩ ጊታሩ አካል ላይ የሚያርፍበት ብረት) ፎቶዎች አሳየኝ። ጊታሩን ከከረጢቱ አውጥቼ የኢ ክሩን (ወፍራሙን) በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጣቴ ጠቁሮ ተነሳ። «ክር ከቀየርክ ስንት ጊዜህ ነው?» ስለው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። አዲስ ክር አሰርንለት፣ ሁለት ሳድል (ክሩ የሚቀመጥባት ትንሿ ብረት) ትንሽ ወደኋላ ሳብን፣ ብሪጁ እንደነበረ ሆኖ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ለብሪጅ ያጠራቀመው ገንዘብም ኪሱ ውስጥ ቀረ።

ብሪጅ በጭራሽ አይቀየር እያልኩ አይደለም፤ መቀየር ያለባቸው ብዙ ቤዞች በእጄ አልፈዋል። ግን ሐዋሳ ላይ ሆኖ ብሪጅ መምረጥ ሱቅ ገብቶ ሦስት አስሞክሮ አንዱን እንደ መውሰድ ቀላል አይደለም። ዕቃው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ ነው የሚደርሰን። ካልገጠመ የሚመልስላችሁ የለም። ስለዚህ ከድምፅ በፊት የሚጠየቀው «ይገጥማል ወይ?» ነው። እኔም ይህን የተማርኩት ገንዘብ ከፍዬ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

## ብሪጅ ምን ይሠራል?

በገና ለሚያውቅ ሰው ብሪጅ ማለት በርኩማ ነው፦ ክሩ የሚያርፍበት፣ ንዝረቱ ወደ አካሉ የሚሻገርበት። የበገና ደርዳሪ በአውታሩና በበርኩማው መካከል ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራ፣ የሚያስገባው እዚያ ጋ እንዲነዝርለት ብሎ ነው። ቤዝ ላይ ግን እዚያው ቦታ የሚነዝር ነገር ከተሰማ ብልሽት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የላላ ብሎን ነው።

የቤዝ ብሪጅ ከዚህ ሌላ በርኩማ የማያውቃቸው ሁለት ሥራዎች አሉበት። የመጀመሪያው ሸክም ነው። በ34 ኢንች ቤዝ (864 ሚሊ ሜትር) ላይ የተለመደው 45–105 ክር (ቁጥሩ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ውፍረቱ በሺህኛ ኢንች ነው) ተቃኝቶ ሲወጠር አራቱ በድምር ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። አንድ ሙሉ ሰው በአምስት የእንጨት ብሎን ላይ ተንጠልጥሎ ሌት ተቀን ያድራል ማለት ነው።

ሁለተኛው የእያንዳንዱን ክር ርዝመትና ከፍታ ለየብቻ ማስተካከል ነው። ርዝመቱ ካልተስተካከለ ክፍት ክሩ ልክ ሆኖ ወደ ላይኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ስትወጡ ቅኝቱ ይዛባል። መፈተኛው ቀላል ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒክ አውጡ (ክሩን ሳትጫኑ በጣት ጫፍ ብቻ ነክታችሁ ምቱት)፤ ከዚያ እዚያው ፍሬት ላይ ክሩን ተጫኑ፤ ሁለቱን በመቃኛው አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ሳድሉ ወደኋላ ይሳባል፤ ዝቅ ካለ ወደፊት ይገፋል። አንቺ ሆዬ ግማሽ ድምፅ ስላለው ይህን መዛባት ወዲያው ያጋልጣል፤ ትዝታ ላይ ግን ለጊዜው ሊደበቅ ይችላል።

የመጀመሪያው የፌንደር ፕሪሲሽን ቤዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲወጣ ሳድሎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ሁለት ክር አንድ ሳድል ይጋራል፣ አንዱን ሲያስተካክሉት ጎረቤቱ ይዛባል። ለየክሩ አንድ ሳድል የተሰጠው በ1957 ነው። ዛሬ የምታገኙት ብሪጅ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

## በምን እንመዝናቸው?

መግጠም። ካሊፐር ካላችሁ በካሊፐር፣ ከሌላችሁ ጥርት ባለ የብረት ማስመሪያ ሦስት ነገር ለኩ። አንደኛ የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት። የቀዳዳን መሃል በዓይን መገመት ያሳስታል፤ ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ለኩት፣ ከመሃል እስከ መሃል የለካችሁት ያህል ነው። ሁለተኛ የክሮቹ ርቀት፦ ሳድሉ ላይ ከክር መሃል እስከ ቀጣዩ ክር መሃል። ባለ አራት ክር ላይ 19 ሚሊ ሜትር በጣም የተለመደ ነው፤ ባለ አምስት ክር ላይ ከ16 ተኩል ጀምሮ እስከ 19 ሁሉንም ታገኛላችሁ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ከፍታ ነው፦ ከጊታሩ አካል እስከ ክሩ ሥር፣ ሳድሉ ጋ። የአዲሱ ብሪጅ ዝቅተኛ ከፍታ ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ ክሩ አይወርድላችሁም፤ አንገቱን ፈታችሁ ከሥሩ ስስ እንጨት ማስገባት ሊኖርባችሁ ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ለባለ አምስት ክር ቤዜ ከባድ የናስ ብሪጅ አስመጣሁ። የሻጩ ጽሑፍ «ለባለ አምስት ክር» ይላል፤ እኔም አመንኩ። የእኔ ቤዝ ክፍተት 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመጣው 19። ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል። አምስት ክር አራት ክፍተት ስላለው ድምሩ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በግራ 4፣ በቀኝ 4። የጂ ክር (ቀጭኑ) ላይኛው ፍሬቶች ላይ ከፊንገርቦርዱ (ፍሬቶቹ ያሉበት የአንገቱ ፊት) ጠርዝ እየተንሸራተተ አላጫውት አለኝ። ብሪጁ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ በር እንዳይዘጋ መደገፊያ ሆኖ ያገለገለበትም ጊዜ አለ።

የማስተካከያ ስፋት። ሳድሉ ወደፊትና ወደኋላ ምን ያህል ይሄዳል? በተለይ ቢ ክር (ባለ አምስት ክር ላይ ያለው በጣም ወፍራሙ) ያለው ሰው ወደኋላ የሚሄደውን ይጠይቅ፤ ወፍራም ክር ከሌሎቹ ይበልጥ ወደኋላ መሳብ ይፈልጋል።

መጽናት። ያስተካከላችሁት ከሁለት ሳምንት ጨዋታ በኋላ እዚያው ይገኛል ወይ? ሳድሉ ወደ ጎን ይወዛወዛል? የከፍታ ብሎኖቹ በንዝረት ይላላሉ?

ብረቱ። ናስ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 8.5 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ብረት 7.8፣ የዚንክ ቅይጥ 6.6፣ አሉሚኒየም 2.7። ክብደቱ ለድምፅ ከሚያመጣው ይልቅ ለትከሻ የሚያመጣው ይሰማል። ከዚያ በላይ ዋናው ነገር የብሎን ጥርሱ ነው፤ ርካሽ የዚንክ ቅይጥ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። ለመለየት ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት አስጠጉ፦ ብረት ብቻ ይይዛል። ያልያዘውን ብሪጅ ከሥሩ በማይታይ ቦታ በትንሹ ፋቁት፤ ቢጫ ከሆነ ናስ፣ ግራጫ ነጭ ከሆነ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱን ደግሞ ክብደታቸው ይለያችኋል።

ድምፅ ሆን ብዬ መጨረሻ ያደረግሁት ነው። ከባድ ብሪጅ ድምፁን ያስረዝመዋል ይባላል። ለውጥ የለውም አልልም፤ ግን ክር መቀየር ከሚያመጣው ለውጥ አጠገብ አይደርስም፣ ባንድ መሃል ሲገባ ደግሞ አይለይም። በፌንደር ዓይነት ቤዞች ላይ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ቦታ ጂ ክር ላይ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት አካባቢ ነው፤ ድምፁ እዚያ ቶሎ ይሞታል። ያ የሚመጣው ከአንገቱ ንዝረት ስለሆነ ብሪጅ አያድነውም። አሜሪካዊው ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን ለሞታውን የሙዚቃ ኩባንያ ከሠራው አብዛኛውን የሠራው በ1962 ፕሪሲሽን፣ በማይቀየር ያረጀ ጠፍጣፋ ክርና ከፋብሪካ በወጣው ብሪጅ ነው። እኛም በካሴት ዘመን የሮሃ ባንድን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን ስንሰማ ብሪጁ ስንት ግራም ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

ያለውን መጠገን። ከሁሉ በፊት ይህን ሞክሩ። የዛገ የከፍታ ብሎን በጉልበት አይፈታም፤ ጉልበት ከጨመራችሁ ጭንቅላቱ ይላጣል። ደብሊው ዲ 40 ጠብ አድርጉበትና አሳድሩት፤ በማግስቱ ልኩን የጠበቀ አለን ቁልፍ አስገቡ (1.5 ሚሊ ሜትር ብዙ ጊዜ ይገጥማል፤ የአሜሪካ ሥራ ከሆነ ግን በኢንች የሚለካው ነው፣ 1.5 እያሽከረከራችሁ ቀዳዳውን አታበላሹት)። ብሎኑ እየላላ የሚያስቸግር ከሆነ በጥርሱ ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም ይያዝላችኋል። እህቴ ሳጥን ውስጥ ያለው ቀይ ቀለም ቢያንስ ስድስት ቤዝ አድኗል፤ እሷ እስካሁን አታውቅም።

አካሉ ላይ የተያዘበት ብሎን የሚዞር፣ የማይነክስ ከሆነ ደግሞ ስቴኪኒና የእንጨት ኮላ ይበቃል፦ ቀዳዳውን ሞልታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ የተረፈውን ቆርጣችሁ ብሎኑን እንደገና ማሰር። የጠፋ ሳድል ካለ ከተማችን ውስጥ ያለ ቶርኖ ቤት ከናስ ዘንግ ክብ ሳድል ይቆርጥላችኋል። ናሙናውን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ «የጊታር ናት» ብቻ ካላችሁት የሚያመጣላችሁ የበር ማጠፊያ ነው። የብሎኑን ጥርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር፣ እዚያው አስሞክሩት። ሙሉ ብሪጅ ግን አታሠሩ፤ የምትከፍሉት አዲስ ከማስመጣት አያንስም።

የታጠፈ ላሜራ ብሪጅ። ይህ ፌንደር ላይ የምናውቀው ነው፦ ሁለት ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው ብረት ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፎ፣ አራት ክብ ሳድል፣ ከኋላ በአንድ መስመር አምስት ብሎን። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከፍታው ዝቅ ይላል፣ ብዙ ቤዝ ላይ ያለ አዲስ ቀዳዳ ይገባል። ድክመቱ የሳድሎቹ ላይ ጥርስ ነው፤ ክሩ በአንዱ ጥርስ ውስጥ ይቀመጣል፣ በአውራ ጣት በኃይል የሚመታ ሰው ግን ኢ ክሩን ወደ ሌላው ጥርስ ሊያዘልለው ይችላል። ሳድሎቹም ወደ ጎን ይወዛወዛሉ። ለኳየር፣ ለልምምድ፣ በጣት ለሚጫወት ሰው ከበቂ በላይ ነው። «ባለ 5 ቀዳዳ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይታመን፤ የእስያ ኮፒዎች ላይ ቀዳዳዎቹ አምስት ሆነው ርቀታቸው የሚለያይ አይቻለሁ።

ከባድ ብሪጅ። ባዳስ የሚባለው በ1970ዎቹ ያስለመደው ዓይነት ነው፦ ወፍራም መሠረት፣ ሳድሎቹ በቦይ ውስጥ ተይዘው ወደ ጎን የማይሄዱ። ጎቶህ 201 የተባለው የፌንደርን አምስት ቀዳዳ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ያስመጣል። የዚህ ዓይነት እውነተኛ ጥቅሙ ድምፅ ሳይሆን መጽናት ነው፤ ሳድሉ ያስቀመጣችሁበት ይገኛል፣ ሆቴል መድረክ ላይ በኃይል የሚመታ ቤዚስት ክሩ አይዘልበትም። ኪሳራው ሁለት ነው። ክብደቱ ከታጠፈው ላሜራ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ አንገቱ ወደ ታች የሚደፋ ቤዝ ላይ ይህ እንዲያውም ይረዳል። መሠረቱ ወፍራም ስለሆነ ደግሞ ከላይ ያልኩት የከፍታ ጣጣ የሚመጣው በዚህ ነው። አንዳንዱ ሳድል ያልተቦረቦረ ሆኖ ይመጣል፤ የክሩን መቀመጫ በቀጭን ሞረድ ማውጣት አለባችሁ፣ አንዴ ከፋቃችሁ መመለሻ የለውም። በተረፈ ርካሹ ዚንክ ከውጭ ሲታይ ከናሱ አይለይም፤ ማግኔቱንና ፍቀቱን አትርሱ።

አሉሚኒየም ወይም ርቀቱ የሚስተካከል። ሂፕሾት በአሉሚኒየምም በናስም ይሠራል፤ ሻለር 3ዲ የሚባለው ሳድሉ ላይ ያለችውን ተንኮራኳሪ በማዞር የክሮቹን ርቀት ራሳችሁ የምታስተካክሉበት ነው። ክር ሰፋ ብሎበት ወይም ጠቦበት ለሚቸገር ሰው፣ ትከሻው ለሚያመው ሰው ይህ የሚያዋጣ ነው። የእኔ ባለ አምስት ክር በስተመጨረሻ የዳነው ርቀቱ በሚስተካከል ነው። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ቀዳዳውም ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ጋር አይገጥምም።

ነጠላ ነጠላ ብሪጅ። ለእያንዳንዱ ክር የራሱ ትንሽ ብሪጅ። ርቀቱን እንደፈለጋችሁ ታደርጉታላችሁ፤ ግን ትራፓኖው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሸሽ ክሩ ከመስመር ይወጣል። ሁሉም ከምድር ሽቦው (ወደ ታች እመጣበታለሁ) ጋር መገናኘት ስላለባቸው ከሥር ሌላ ሥራ አለ። ቤዝ ራሱ ለሚሠራ አናጺ እንጂ አሮጌ ብሪጅ ለሚተካ ሰው አልመክርም።

ብሪጅና ቴልፒስ ለየብቻ የሆኑ። እዚህ ብዙ አይታዩም፤ ስለዚህ በአጭሩ። የቫዮሊን ቅርጽ ያለው ሆፍነርና ኮፒዎቹ ላይ ክሩ የሚታሰረው ከኋላ ባለው ቴልፒስ ነው፤ ብሪጁ እንጨት ሆኖ በክሩ ግፊት ብቻ ይቆማል፣ በብሎን አልታሰረም። አራቱን ክር በአንድ ጊዜ ከፈታችሁ ብሪጁ ይወድቃል፤ ቦታውን በወረቀት ቴፕ ምልክት አድርጉና አንድ አንድ እያላችሁ ቀይሩ። ዋርዊክ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፣ መተካት ካለባችሁ ሁለቱንም ለኩ። የድሮ ሪክንባከር ካላችሁ ቴልፒሱ ከኋላ ከአካሉ እየተነሳ እንዳይሆን ተመልከቱ፤ የዚያ ሞዴል የታወቀ ችግር ነው። ጊብሰን ላይ ባለ ሦስት ነጥብ ብሪጅ አለ፤ ሂፕሾት ሱፐርቶን የተሠራው በዚያ ቦታ እንዲገባ ነው። ሄድ አልባ (አንገቱ ጫፍ ላይ ራስ የሌለው) ቤዝ መቃኛው ራሱ ብሪጁ ላይ ስለሆነ ከላይ ካሉት ጋር አይቀያየርም።

## በሰንጠረዥ

ዋጋው የሚቀያየር ስለሆነ በዶላርም በብርም አልጻፍኩትም፤ ከአንድ ጥሩ የቤዝ ክር ስብስብ ጋር አወዳድሬ በግምት አስቀምጬዋለሁ።

| አማራጭ | ያለ አዲስ ቀዳዳ ይገባል? | ይጸናል? | ክብደት | ዋጋ (በክር ስብስብ) |
|---|---|---|---|---|
| ያለውን መጠገን | እዚያው ያለ ነው | እንደ ጥገናው | ያው | ከ1 በታች |
| የታጠፈ ላሜራ | ብዙ ጊዜ፣ ከተለካ | መካከለኛ | ቀላል | 1–2 |
| ከባድ፣ ዚንክ | አንዳንዴ | ጥርሱ ቶሎ ያልቃል | ከባድ | 1–2 |
| ከባድ፣ ናስ | ለፌንደር የተሠራው አዎ | ጥሩ | በጣም ከባድ | 2–5 |
| አሉሚኒየም ወይም ርቀቱ የሚስተካከል | ብዙ ጊዜ አይገባም | ጥሩ | አሉሚኒየሙ ቀላል | 4–6 |
| ነጠላ ነጠላ | አይገባም | እንደ ሥራው | መካከለኛ | 2 እና ከዚያ በላይ |

## ታዲያ የቱን?

ቤዙ የትምህርት ቤት ወይም የኳየር ከሆነና ገንዘብ ከመባ የሚወጣ ከሆነ፣ ጥገናውን ሞክራችሁ ካልሆነ የታጠፈውን ላሜራ ግዙ። የተረፈው ለክር ይሁን። በሐይቁ ዳር ሆቴሎች ቅዳሜና እሑድ የምትጫወቱ፣ በአውራ ጣት የምትመቱ ከሆነ የናስ ከባዱ ዋጋውን ይመልሳል፤ ከፍታውን ለክታችሁ ከሆነ። ዚንክ ከባዱን ለማንም አልመክርም፤ ለዚያ ዋጋ ጥሩ ላሜራ ይሻላል። ባለ አምስት ክር ያላችሁ፣ 17 ይሁን 19 ሳትለኩ ለዘመዳችሁ «አምጣልኝ» አትበሉ፤ ካልተረጋገጠ ርቀቱ የሚስተካከለውን ውሰዱ። ትከሻችሁ የሚያማችሁ ደግሞ ከብሪጁ በፊት ሰፊ ማንገቻ ሞክሩ፤ ርካሹ መፍትሔ እሱ ነው።

ለሚያመጣው ሰው በስልክ «የቤዝ ብሪጅ» ብላችሁ አትላኩት። የቀዳዳዎቹን ፎቶ ማስመሪያው ተቀምጦበት አንሱ፤ ሦስቱን ልኮች ከፎቶው ሥር ጻፉ፤ ገዢው ሰው ከሻጩ ሥዕል ጋር አስተያይቶ ይግዛ።

## ስትገጥሙት

ክሮቹን አላልታችሁ አሮጌውን ስታነሱ ከሥሩ አንዲት ቀጭን ሽቦ ታገኛላችሁ። ያቺ የምድር ሽቦ ናት፤ ክሮቹን ከጊታሩ ገመድ መሰኪያ ምድር ጋር የምታገናኝ። ጫፏ ተልጦ ከአዲሱ ብሪጅ ብረት ጋር መነካካት አለባት። ከገጠማችሁ በኋላ ክሩን ስትነኩት እምምታው የማይቀንስ ከሆነ ሽቦዋ አልነካችም ወይም ከሥር ያለው ቀለም ከልሏታል፤ በአሸዋ ወረቀት ትንሽ ፋቅ አድርጉ። አንዳንዱ ሰው ማይክ በከንፈሩ ሲነካ ስለሚይዘው ይህችን ሽቦ ይቆርጣታል። አትቁረጧት። ችግሩ የአዳራሹ ሶኬት ምድር ስለሌለው ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።

አዲስ ቀዳዳ ካስፈለገ አሮጌዎቹን በወይራ እንጨት ቁራጭና በኮላ ሙሉ፤ አንድ ሌሊት ይድረቅ። ከመብሳታችሁ በፊት ሁለቱን ዳር ክሮች፣ ኢና ጂን፣ አስራችሁ ብሪጁን በእጅ እያንቀሳቀሳችሁ ሁለቱም ከፊንገርቦርዱ ጠርዝ እኩል እስኪርቁ ድረስ አስተካክሉ፣ ከዚያ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የመጀመሪያውን ሳድል፣ የጂን፣ ወደፊት ገፋ አድርጋችሁ ከላይኛው ነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያርፍበት) 864 ሚሊ ሜትር ላይ አስቀምጡት፣ ቤዙ 34 ኢንች ከሆነ፤ ሌሎቹ ከእሱ እየተከተሉ ወደኋላ ይሄዳሉ። ትራፓኖው ላይ በብሎኑ ቁመት ልክ ቴፕ ጠምጥሙበት፤ አንድ ልጅ አካሉን እስከ ጀርባው በስቶ አምጥቶልኝ ያውቃል።

አሮጌውን ብሪጅ ከነብሎኖቹ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከረጢቱ ኪስ ውስጥ አኑሩት። ቤዙን ስትሸጡ ይጠየቃል።